ጥቁሩ ውሃ ሽቅብ ወጥቷል ብዬ አልፈርምም

ለክቡር ሲ ራዑፍ መሕፉዝ
የሄንሺር ዘቡዝ ወረዳ የፍሳሽ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ በገበያው አደባባይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለማንበብ ጊዜ ላለው ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ በረታ? ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ አፍንጫዎ ነው፤ የቢሮዎ መስኮት በምሥራቅ በኩል እንደሚከፈት፣ ነፋሱም ካለፈው ወር ወዲህ እርስዎ ካስቆፈሩት ኩሬ በኩል እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ክብርዎ ጠዋት ጠዋት ያንን አየር እየሳቡ ፊርማዎን ሲያኖሩ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ አዝናለሁ። ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ የምመኘው ከልቤ ነው። ሥራዎ ያፈራውን ቆመው እንዲያዩት እፈልጋለሁና።

እኔ ደሌንዳ ዙዋሪ፣ ከአባቴ በወረስኩት የወይራ ዘይት መጭመቂያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ የመጭመቂያ ባለቤት ነበርኩ፤ ከቅዳሜ ረፋድ ጀምሮ ግን በክብርዎ መልካም ፈቃድ የአንድ የታሸገ በር ባለቤት ሆኛለሁ። የእሽጉን አሠራር ሳላደንቅ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ቀይ ገመድ፣ በገመዱ ቋጠሮ ላይ ሰም፣ በሰሙ ላይ ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ ክብ ማኅተም አለ። ኩሬዎ የዚህን ግማሽ ያህል ጥንቃቄ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ባልተገደድኩ፣ ክብርዎም ለማንበብ ባልደከሙ ነበር።

ከእሽጉ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ልከውልኛል። ወረቀቱ የመሐለኛው መንደር ሽማግሌ የዐሚ ቡበከርን የውሃ ጉድጓድ ያበላሸው ጥቁር የወይራ ውሃ ከእኔ ማሳ የሄደ መሆኑን እንዳምን፣ ከእንግዲህ ከመጭመቂያዬ የሚወጣውን ውሃ አንድ ጠብታ ሳላስቀር ወደ ኩሬዎ እንድልክ፣ በመሬቴም ላይ ዳግመኛ እንዳላፈስ በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ይጠይቃል። ከፈረምኩ በሩ በዚያው ቀን ይከፈታል። ካልፈረምኩ የጭመቃው ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። ተቆጣጣሪዎ ወረቀቱን ሲሰጡኝ፣ እንደ እመቤት ላላ ብለው አክብረው፣ "ላላ ደሌንዳ፣ አንዲት ፊርማ እኮ ናት፤ ምን ያካብዱታል? ጫር አድርገው ወደ ሥራዎ አይገቡም?" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ እስክሪብቶውንም ክዳኑን ከፍተው ነው ያቀበሉኝ።

ክብርዎ ቢሮ ስለሚውሉ ምናልባት ተዘንግቶዎት ይሆናል እንጂ የተለቀመ ወይራ እንደ አቤቱታ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ተቀምጦ አይረሳም። በግቢዬ የሠላሳ ስምንት ቤተሰብ ወይራ በጆንያ ተደርድሯል። ዛሬ ጠዋት እጄን በአንዱ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኔ ብከተው መሐሉ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ያተኩሳል። ጥቂት ቀን ከቆየ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ዘይት ለፋኖስ እንጂ ለሰው አናቀርበውም። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሳምንት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች የግቢዬን ግንብ ተደግፈው ቆመው፣ እኔን ትተው እጄን ያያሉ፤ ትፈርም ይሆን እያሉ። ሠላሳ ስምንት ቤት በአንዲት ሴት አውራ ጣት ላይ ያንጠለጠሉበትን ዘዴ ሳስበው፣ እንዲህ ያለው ብልሃት ኩሬው ሲቆፈር የት ሄዶ ነበር እላለሁ።

ስለዚህ ስለ ፊርማው ከመመለሴ በፊት በልቤ ያሉትን ጥቂት ምስጋናዎች በተራ ቁጥር ላቅርብልዎ፤ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ ከሚጽፉልኝ ደብዳቤዎች ተረድቻለሁ።

፩ኛ. ስለ ኩሬው

ወይራ ሲጨመቅ ዘይቱ ይወጣል፣ ፋጉሎው ይቀራል፣ ከሁለቱ ጋር ደግሞ እኛ መርጂን የምንለው ጥቁር ውሃ ይመጣል። ዘይቱን የማይወድ የለም፤ ፋጉሎውንም ለምድጃ የሚያነድደው፣ ለከብት የሚሰጠው ሞልቷል፤ ጥቁሩን ውሃ ግን የእኔ ነው የሚል አልተገኘም። የአጎቶቼ ዘመን ሰዎች ወደ ደረቁ ወንዝ፣ ወደ ዋዲው፣ ይለቁት ነበር፤ ይህን አልደብቅም፣ አፍርበታለሁም። ክብርዎ ከሦስት ዓመት በፊት "ለዚህ ጉዳይ ዘላቂ መፍትሔ እናበጅለታለን" ብለው ሲነሡ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። የወረዳው አሥራ አንዱም መጭመቂያዎች ውሃቸውን በቦቴ እያመላለሱ የሚያጠራቅሙበት፣ ፀሐይም ቀስ በቀስ የምታተንነው አንድ የጋራ ኩሬ ይቆፈራል ተባለ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ቦታውን ቢያገኝ ዛሬም መልካም ሐሳብ ነው። ክብርዎ ግን ከዚያ ሁሉ ሜዳ መርጠው ኩሬውን ያስቆፈሩት ዋዲው ሆድ ውስጥ ነው፤ በልጅነትዎ በዋኙበት ዋዲ።

በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ "ሲ ራዑፍ፣ ይሄ እኮ የውሃ መንገድ ነው" ስል፣ ክብርዎ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ "ላላ ደሌንዳ፣ ይሄ ዋዲ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃ አልሄደበትም። ጉድጓዱን ደግሞ ግማሹን ተፈጥሮ ቆፍሮ ነው የጠበቀን፤ በባዶ ሜዳ ለምን እንልፋ?" ብለው መለሱልኝ። አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊዎ ሳቁን በቃለ ጉባኤው ላይ "ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብለው አሰፈሩት። ጎበዝ ጸሐፊ አለዎት።

፪ኛ. ስለ ጸሎቱ

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። ወይራው በዛፉ ላይ እንዳለ ተጨማደደ፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን እንደ ተቀየመ ሰው ወደ ውስጥ አጠፉ። ኢማሙም ሕዝቡን ለዝናብ ጸሎት ከከተማው ውጭ ወዳለው ሜዳ ጠሩ። እንደ ደንባችን ዝናብ የሚለምን ሰው ልብሱን ገልብጦ ይለብሳል፤ ያለንበትን ሁኔታ እንዲህ ገልብጥልን ለማለት ነው። ያን ዕለት በመጀመሪያው ረድፍ፣ በኢማሙ በስተቀኝ፣ ኮትዎን ገልብጠው የቆሙት ክብርዎ ነበሩ። ከሴቶቹ ረድፍ ሆኜ የኮትዎ ገበር በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ፤ ቀይ ነው፣ ያምርብዎታል። አጠገብዎ የነበሩት ሰዎች እንባዎ እስከ አገጭዎ ወርዷል ብለው መስክረዋል።

ክቡር ሆይ፣ በዋዲ ውስጥ ኩሬ የሚያስቆፍር ኃላፊ በየአገሩ አይጠፋም። ጥቁር ውሃ የሞላ ኩሬ በዋዲ ውስጥ አስቀምጦ፣ ኮቱን ገልብጦ፣ ከፊት ረድፍ ቆሞ፣ ጎርፍ እንዲመጣ እያለቀሰ የሚለምን ኃላፊ ግን ከሄንሺር ዘቡዝ በቀር የትም አይገኝም። ፍርድ እንዳይዛባ ይህንም ልጨምር፦ እኛም አሜን ብለናል። እኔም ድምፄ እስኪሰነጠቅ ድረስ አሜን ብያለሁ። ያን ሰዓት ኩሬው አንዳችንንም ትዝ አላለንም።

ጸሎትዎ በአሥራ አንደኛው ቀን ተሰማ፤ እንኳን ደስ አለዎ። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀመረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ትጃኒ የሚባለው የቦቴ ሹፌሬ መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ወረደና ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ ሲታጠብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ትጃኒ በሩጫ ግቢዬ ገብቶ "ዋዲው መጣ! ኩሬውን ጠርጎት ሄደ!" አለኝ። "ወዴት?" ስለው፣ "ወደ ሰው ነዋ፣ ወዴት ሊሄድ ኖሯል?" ብሎ ጮኸብኝ።

ጥቁሩ ጎርፍ የዐሚ ቡበከርን ጉድጓድ አገኘው። ሁላችንም ዐሚ፣ አጎቴ፣ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት አባታቸው ናቸው፤ በመሐለኛው መንደር ሃያ ቤት ከዚያ ሲጠጣ ኖሯል። በማግሥቱ ስሄድ ባልዲ ሲያወጡ ደረስኩ። ባልዲውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና መሬት ላይ ደፉት። ከዚያ ሌላ ባልዲ አወጡ፤ እሱንም አሸተቱት፤ እሱንም ደፉት። እዚህ ላይ ሽሙጡን ትንሽ ልተወውና በቀጥታ ልናገር፦ ተናድጃለሁ። ያን ቀን ተናደድኩ፣ ዛሬም ንዴቴ አልበረደም።

፫ኛ. ሽቅብ ስለሚፈስ ውሃ

ከጎርፉ በኋላ ክብርዎ ሳይውሉ ሳያድሩ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው እርስዎ፣ ጸሐፊው የእርስዎ ጸሐፊ፣ ገለልተኛ ታዛቢው ደግሞ ኩሬውን የቆፈሩት ተቋራጭ ነበሩ። ኮሚቴው በአራት ቀን ውስጥ ውሃው ከእኔ ማሳ ተነሥቶ ወደ ዐሚ ቡበከር ጉድጓድ እንደ ሄደ ደረሰበት። ማሳዬ ከጉድጓዱ በታች፣ የሃያ ደቂቃ ቁልቁለት ላይ ነው። ከዐሚ ቡበከር ቤት ወደ እኔ በብስክሌት የሚመጣ ሰው ፔዳል አይረግጥም፤ ሲመለስ ግን ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ኮሚቴዎ ኮረብታ የሚወጣ ውሃ አግኝቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግኝት በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ ያስቆጫል። ውሃው በእውነት ካለ እባክዎ አይሰስቱብን፤ በላይኛው መንደር የወይራ ዛፎች በጥም እየደረቁ ስለሆነ ወደዚያ እንዲያቀናልን ቢያዝዙት ፓምፕ ከመግዛት እንድናለን።

፬ኛ. ስለ ድንጋዮቼ

ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው። አባቴ ጥቁሩን ውሃ ወደ ዋዲ መልቀቅ ያቆመው ማንም ሳያዝዘው ነው። መሬታችን አሸዋ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ እርሻው ተነሥቶ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። አባቴ አንድ ክረምት ጥቂት ጥቁር ውሃ በወይራ መስመሮቹ መካከል፣ ከግንዶቹ አርቆ፣ ስስ አድርጎ አፈሰሰና ሲደርቅ አረሰው። አሸዋው ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ነፋሱ የጎረቤቶቻችንን አፈር ሲወስድ የእኛን ሳይነካ አለፈ፤ ዛፎቹም ደስ ብሏቸው ታዩ።

ይህ ውሃ ግን ልክ ይፈልጋል፤ ከበዛ ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ አባቴ ለአንድ መስመር ከግማሽ ቦቴ በላይ አይሰጥም ነበር፤ የጠጣው መስመር ራስ ላይም አንድ ነጭ ድንጋይ ያኖራል። በመጀመሪያው ዓመት ድንጋዩ ይተኛል፤ በሁለተኛው ዓመት ይቆማል፤ በሦስተኛው ይነሣና መስመሩ እንደገና መጠጣት ይችላል። አባቴ ማንበብና መጻፍ አልተማረም፤ መዝገቡ እነዚህ ድንጋዮች ነበሩ። ቆየት ብሎ የአፈር ተመራማሪዎች መጥተው ሦስት ዓመት ሙሉ መሬቱን እየቆፈሩ ለኩ፤ ያገኙትም የምናፈስሰው ልክ በክብርዎ ቢሮ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው መመሪያ ከሚፈቅደው በብዙ እንደሚያንስ ነው። መስታወቱን አቧራ ስለሸፈነው ለማንበብ ሳያስቸግርዎ አልቀረም።

ተቆጣጣሪዎ ማሳዬን ሲጎበኙ ስድሳ አራቱን ነጭ ድንጋዮች አዩና፣ "ይሄ የምስጢር ምልክት ነው፤ በስውር የሚደፉበትን ቦታ እንዳይረሱት ነው ያስቀመጡት" አሉ። ከዚያም አንድ በአንድ አስለቅመው፣ የተኛውን ከቆመው ቀላቅለው፣ በመንግሥት መኪና ጫኗቸው። ትጃኒ ዓይኑን ማመን አቅቶት "ጌታዬ፣ ድንጋይ ምን ያደርግልዎታል?" ቢላቸው፣ "ማስረጃ ነው!" ብለው ተቆጡት። እውነታቸውን ነው፤ ማስረጃ ነበር። በዚህ ወረዳ ስለ ጥቁር ውሃ የተያዘው ብቸኛው ትክክለኛ መዝገብ እሱ ነበር፤ አሁን የትኛው መስመር እንደ ጠጣ የትኛው እንደ ጠማው በእርግጠኝነት የሚነግረኝ የለም። ከድንጋዮቹ ሦስቱን የጽሕፈት ቤትዎ ዘበኛ ለሻይ ጉልቻ እንዳደረጓቸው ሰምቻለሁ። ሻዩ ይጣፍጣቸው፤ እሳቸው ምንም አላጠፉም።

፭ኛ. ስለ ጠርሙሱ

ተቆጣጣሪዎ ናሙና ለመውሰድ ሲመጡ ዕቃ ረስተው ስለነበር ከወጥ ቤቴ አንድ ጠርሙስ ለምነው ወሰዱ። የብርቱካን አበባ ውሃ የማስቀምጥበት ጠርሙስ ነበር፤ ይህን ብነግራቸውም "ግድ የለም፣ ለቅለቅ አደርገዋለሁ" አሉኝ። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የደረሰኝ የምርመራ ውጤት ፈሳሹ "ጥቁር፣ አሲድነት ያለው፣ ደስ የሚል የአበባ መዓዛ ያለው" መሆኑን ያረጋግጣል። ወረቀቱን በመስታወት አሠርቼ ሰቅየዋለሁ። ጠርሙሱን ግን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ።

ቅሬታዬን ስደረድር ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳላቀርብ የራሴንም ልናገር። አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ምርቱ በዝቶ፣ ቦቴው ተበላሽቶ፣ ውሃው ጋኑን ሞልቶ ሲያስጨንቀኝ ጊዜ፣ ለአንድ መስመር ሦስት እጥፍ ሰጠሁት። ድንጋዩ ተኝቶ እያየሁት ነው የሰጠሁት። በጸደይ አሥራ ሁለት ዛፎች ቅጠላቸውን አራገፉ፤ ሰባቱ ዳግመኛ አላገገሙም። ማንም አልከሰሰኝም፤ የራሴ ዛፎች ነበሩና። አሁንም በዚያ መስመር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ይህን የምነግርዎ ጥቁሩ ውሃ ምን ማድረግ እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ እንዲረዱልኝ፣ ጥፋት ሲኖርብኝም ለማመን የሰው እስክሪብቶ እንደማያስፈልገኝ እንዲገነዘቡልኝ ነው።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ።

እሑድ ዕለት በግቢዬ ከተሰበሰቡት እናቶች አንዷ፣ ስድስት ልጆቿን በእነዚያ ጆንያዎች የምታሳድግ ሴት፣ ክንዴን ይዛ "ፈርሚና ገላግይን እንጂ ደሌንዳ! ወረቀት ምን ይሆናል? ወረቀት አይበላ!" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ነበር። በዚህ መሐል ዐሚ ቡበከር ዱላቸውን ተደግፈው ያን ቁልቁለት ወርደው ገቡ። ሰውየው መጮኽ አያውቁም። "ልጄ፣ የኔ ጉድጓድ አንዴ ሞቷል" አሉ፤ "አንቺ ከፈረምሽ ግን ገዳዩ ሳይታወቅ ነው የሚቀበረው። በሚመጣው ዓመት ያንኑ ኩሬ እዚያው ጠግነው ይሞሉታል። ያኔ ተራው የማን ጉድጓድ ነው?"

ክንዴን የያዘችኝ ሴት ለቀቀችኝና ወደ ጆንያዋ ሄደች፤ አፉን ፈትታ ወይራዋን በግቢው ንጣፍ ላይ ስስ አድርጋ ዘረጋችው። ሌሎቹም ተከተሏት። ሸራ ያለው ሸራ፣ አንሶላ ያለው አንሶላ ይዞ መጣ። ይኸው ከእሑድ ጀምሮ ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ በየተራ ቁጢጥ ብሎ፣ ወይራው እንዳይግል በእጁ ያገላብጠዋል። ገና ያልተዘረጉት ጆንያዎች ያተኩሳሉ፤ የተዘረጋው ግን ተንፍሷል። እስከ ሐሙስ ይቆይልናል ብለን እናምናለን፤ ከሐሙስ ግን አያልፍም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ሳልገደድና ሳልታለል፣ ወረቀትዎን የማልፈርም መሆኔን አረጋግጣለሁ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ የመጭመቂያዬን እሽግ በገዛ እጄ እቆርጠዋለሁ። ወይራውን እንጨምቃለን። የሚወጣውን ጥቁር ውሃ ትጃኒ በቦቴው ጭኖ ከዚህ በፊት ጠጥቶ ወደማያውቀው አዲሱ ማሳዬ ይወስደዋል፤ ለአንድ መስመር ግማሽ ቦቴ፣ ከግንዱ ርቆ፣ ስስ ተደርጎ ይፈስሳል፤ በየመስመሩ ራስ ላይም አዲስ ድንጋይ ይተኛል። ወደ ኩሬዎ፣ አሁን ባለበት ቦታ እስካለ ድረስ፣ ከእኔ መጭመቂያ አንድ ብርጭቆ ውሃ አይሄድም። ኩሬው ከዋዲው ወጥቶ ሸክላ አፈር ባለው ከፍታ ላይ፣ ወለሉ በወጉ ተደፍኖ ሲሠራ፣ ከማሳዬ የተረፈውን ይዤ ከሁሉ ቀድሜ የምመጣው እኔ ነኝ። እስከዚያው የዐሚ ቡበከር ጉድጓድ በጽሕፈት ቤትዎ ይጸዳ፤ እስኪጸዳም ሃያዎቹ ቤቶች የሚጠጡት ውሃ በክብርዎ ቦቴ ይቅረብላቸው።

በዕለቱ ክብርዎ ከተቆጣጣሪዎ፣ ከጸሐፊዎና ከገለልተኛው ተቋራጭ ጋር እንዲገኙልን በአክብሮት ተጋብዘዋል። ፖሊስም ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ዳቦና አዲስ ዘይት ለሁሉም ይበቃል። ማስረጃ ለመሰብሰብ ካሰቡ ግን መኪናው ባዶውን ይምጣ፤ ድንጋይ ሞልቶናል።

ለወረዳችን ላደረጉት፣ ሊያደርጉት አስበው ለተዉት፣ እንዲሁም ባያደርጉት ይሻለን ለነበረው ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከዚህ ከታች፣ ክብርዎ ከመደቡልኝ ቦታ ርቄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ ስሜን አኑሬያለሁ።

የክብርዎ አክባሪ፣ የቁልቁለቱ ነዋሪ፣
ደሌንዳ ዙዋሪ
ማክሰኞ፣ ዲሴምበር ወር አጋማሽ፣ ሄንሺር ዘቡዝ

የተጨመረ፦ ከላይ ሐሙስ ብዬ የሰጠሁትን ቀጠሮ በማፍረሴ ትልቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፊርማዬ ቀለም ሳይደርቅ ክብርት እናትዎ፣ የሁላችንም አክስት ኻልቲ ቤያ፣ ከእርሻቸው አሥራ ስድስት ጆንያ ወይራ በትራክተር አስጭነው ግቢዬ ገቡ። ቀዩን ገመድ አዩና "ይሄ ደሞ የምን ጌጥ ነው?" አሉ። የክብርዎ እሽግ መሆኑን በትሕትና ገለጽኩላቸው። "የኔ ራዑፍ?" አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። መሬት ላይ የተዘረጋውን ወይራና ቁጢጥ ያለውን ሰው ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያ ከቀሚሳቸው ኪስ የዛፍ መግረዣ መቀሳቸውን አውጥተው ገመዱን በአንድ ጊዜ ቀነጠሱት። ፖሊስ ቢመጣ ምን ልበል ብዬ ስጠይቃቸው "ቤያ ናት በያቸው፣ ስሜን እንዳታሳስቺ። እሱም ወንድ ከሆነ ይምጣና እኔን ያሽገኝ" ብለዋል። ይህን ስጽፍ ማሽኑ እየዞረ ነው። የእሳቸውን እናስቀድም ብንላቸው "ከሰው ፊት መቆም አልወድም" ብለው ከሠላሳ ስምንቱ ቤተሰብ በኋላ ወረፋ ይዘው ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዘይታቸው ሐሙስ ረፋድ ላይ ይደርሳል። እሳቸው ግን አይወስዱትም፤ "ልጄ ይምጣና ገበያተኛው ሁሉ እያየው ተሸክሞ ይውሰድልኝ" ብለው አደራ ጥለውብኛል። በሩ ክፍት ነው።